ኢኤስፒ32 በጫጩት ቤት፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ቴሌግራም ከፈትኩ፤ ሙቀቱን የሚከታተልልኝ ኢኤስፒ32፣ ማለትም ዋይፋይ ያለው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ፣ «ጫጩት ቤት፦ 85 ዲግሪ» ይላል። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ በረርኩ። ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ለጥ ብለዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ተራ ቴርሞሜትር 33 ያሳያል።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር ኃይል እንዳገኘ ሳይለካ ከተነበበ የሚሰጠው ቁጥር 85 ነው። ለክቶ እስኪጨርስ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ያን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮዴ አልታገሰም። አሁን አንድ ሰከንድ ይጠብቃል፤ 85 ካየም ደግሞ ይለካል።

ቤቱ ቢሾፍቱ ነው። አራት የሙቀት ሴንሰርና አንድ የውሃ ታንከር ግፊት ሴንሰር አለኝ። ንባቡ በየደቂቃው ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጻፋል። መጀመሪያ ያሰብኩት በሊኑክስ የሚሠራውን ትንሽ ኮምፒውተር፣ ራስፕቤሪ ፓይን ነበር። ግን የአናሎግ መግቢያ (ከሴንሰር የሚመጣን ቮልቴጅ በቀጥታ የሚለካ ፒን) የለውም፤ ሊኑክስ ደግሞ ድንገት መብራት ሲሄድበት አይወድም። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ደህና ሁኑ አይልም። አርዱይኖ ኡኖ አር3 የሚባለው ሌላ ቦርድ ጽኑ ነው፣ ግን 2 ኪሎባይት ራሙ ለኔ አልበቃኝም፤ ዋይፋይም የለውም። ስለዚህ ኢኤስፒ32። 240 ሜጋኸርዝ ፍጥነቱ በደቂቃ አንዴ ለሚለካ ሰው ትርፍ ነው። የወደድኩት መብራት እንደመጣ ወዲያው ሥራውን መጀመሩን ነው።

ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍሉ፣ ኤዲሲው፣ ግን አሳዝኖኛል። ወረቀት ላይ 12 ቢት ነው፤ ዜሮ አካባቢና ጣሪያው ጋ ሲደርስ ግን ልኬቱ ይንጋደዳል። ታንከሩ ውስጥ አንድ ጄሪካን ውሃ እያለ «ባዶ» ይለኝ ነበር። ከሁለቱ ኤዲሲዎች የሁለተኛው ፒኖች ደግሞ ዋይፋይ በርቶ እያለ አይሠሩም። ይህን ሳላውቅ ሁለት ምሽት ገመድ ስነቅልና ስሰካ አመሸሁ። መፍትሔው ኤዲኤስ1115 የሚባል ለብቻው የሚገዛ ኤዲሲ ሆነ። 16 ቢት ነው፤ በ4.096 ቮልት መጠን 0.125 ሚሊቮልት ለውጥ ይለያል። ሴንሰራችሁ አናሎግ ከሆነ ከመጀመሪያው አብራችሁ ግዙት።

ሰዓት የምትይዝ ዲኤስ3231ም ጨምሩ። ኢንተርኔት ሳይኖር ቦርዱ ሲነሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም።

ባትሪ ላይ አትሞኙ። የኢኤስፒ32 ቺፑ በጥልቅ እንቅልፍ (ኃይል ለመቆጠብ አብዛኛው ክፍሉ ሲጠፋ) ወደ 10 ማይክሮአምፔር ይበቃዋል። የኔ ቦርድ ግን በመልቲሜትር ስለካው ተኝቶም 9 ሚሊአምፔር ይጠጣል። ቀይዋ መብራት፣ የዩኤስቢ ቺፑና የቮልቴጅ ማስተካከያው አይተኙም። ዛሬ ብገዛ ለባትሪ ተብሎ የተሠራ ቦርድ እመርጣለሁ።

ቦርዱ ራሱ በዘጠኝ ወር አንዴም አልተበላሸም። የተበላሹት ጀምፐር ገመዶች ናቸው። የጫጩት ቤት እርጥበትና አሞኒያ መዳቡን አረንጓዴ አደረገው። ሁሉንም በየድኩና ቦርዱን ክዳኑ ጥብቅ የሚል ምሳ ዕቃ ውስጥ ከተትኩት። የልጄ ነበር፤ እስካሁን አልመለስኩለትም።