ስኖውቦርዳችንን በልክ ለሠራልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለምታሠሩም ጥቆማ

እጁ ይባረክ! ስኖውቦርድ (ቆመው በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ) በልክ ማሠራት ለምትፈልጉ ሁሉ ይህን ሰው አፋችንን ሞልተን እንጠቁማለን። ምክንያታችንን ግን በዝርዝር ብንናገር ይሻላል።

ብዙ ሠሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው የላዩን ሥዕል ነው። እሱ የጫማ ቁጥር እንኳ ሰምቶ አያምንም፤ ጫማውን አስመጥቶ የሶሉን ርዝመት ራሱ ይለካል። ከዚያ ክብደት፣ የሁለቱ እግሮች ርቀት፣ የትኛው እግር እንደሚቀድም፣ በረዶው የተደለደለ ይሁን ጥልቅና ለስላሳ ይጠይቃል። የቦርዱ ወገብ፣ ማለትም የመሃሉ ጠባብ ክፍል፣ ስፋት የሚወጣው ከዚህ ነው። ወገቡ ከጠበበ ቦርዱ ሲጋደም ጣትና ተረከዝ በረዶውን ይነካሉ፣ ጠርዙ ይለቃል፣ ሰው ይወድቃል። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ መገልበጡ ይዘገያል። ጫማው በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቢተርፍ ችግር የለውም።

እውነተኛው ሙያ ያለው ውስጡ ባለው እንጨት ላይ ነው። ፓውሎኒያ የተባለው እንጨት በጣም ቀላል ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ የእግር ማሰሪያውን ብሎን የሚቀበሉትን ብረቶች አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ ከእግር ሥር ጠንካራ እንጨት ያስገባል፣ ሌላውን ፖፕላር በሚባል እንጨት ይሞላል። መሃሉ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆነው እንጨት ጫፎቹ ላይ ወደ 2 ይሳሳል። እዚህ ላይ ስህተት ይቅር አይባልም፦ የእንጨት ግትርነት በውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ስለሚያድግ፣ 10 በመቶ ብቻ ቢወፍር 33 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። «ትንሽ ልስላሴ ጨምርልኝ» ሲባል መላጊያውን በስንት ነጥብ ዝቅ እንደሚያደርግ ያውቀዋል።

እንጨቱን የሚሸፍነው ፋይበርግላስ (የመስታወት ክር ጨርቅ) ክሮቹ ባለሁለት አቅጣጫ ከሆኑ ቦርዱ በቀላሉ ይጠመዘዛል፣ ለመጫወትና ለጀማሪ ይመቻል። ባለሦስት አቅጣጫው መጠምዘዝን ስለሚቋቋም በጠጠረ በረዶ ላይ ጠርዙ ይነክሳል። የካርቦን ክር መጨመር ለሁሉም አይሆንም፤ ንዝረቱን ወደ እግር ያመጣል፤ ለማይጠቅመው ሰው «አያስፈልግህም» ይላል። ይህ ሐቀኝነቱ በጣም ያስደስተናል።

ቆርጦ የሚያሳየው አንድ ናሙና አለው። አገላብጣችሁ እዩት፦ ከብረቱ ጠርዝ በላይ እንደ ክር የቀጠነች ጥቁር መስመር አለች። ጎማ ናት። ብረትና ፋይበርግላስ እኩል ስለማይታጠፉ ልዩነቱን የምትሸከመው እሷ ናት። የተተወችበት ቦርድ ድንጋይ ሲመታው ጠርዙ ይላቀቃል፣ ውኃ ይገባል፣ እንጨቱ ያብጣል።

ንብርብሮቹን አጣብቆ የሚጫነውን መጭመቂያም አይቸኩልበትም፤ ቦርዱ እዚያው ተጨምቆ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። በትኩሱ የወጣ ቦርድ ቅስቱ ይጠፋል ወይም ይጣመማል።

ለመንሸራተቻው ፊት (በረዶውን ለሚነካው የሥር ገጽ)፣ ሰም የመቀባት ልማድ ከሌላችሁ ተራውን ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ውሰዱ፤ ለጥገናም ቀላል ነው። የፖሊኢትሊን ዱቄት ተጨምቆ የሚሠራው ዓይነት ግን ሰም ይጠጣል፣ ይፈጥናል፤ ያለ ሰም ሲቆይ ይደርቃል።

የእግር ማሰሪያ ስትገጥሙ በኤም 6 (6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው) ብሎኖች ርዝመት ተጠንቀቁ፤ የረዘመ ብሎን ፊቱን ከሥር ገፍቶ ያሳብጣል። ይህን ሁሉ ለያንዳንዱ ደንበኛ ሳይሰለች ያስረዳልና ከልብ እናመሰግነዋለን። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። ስትሄዱ ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱ።