ሆዴን ባር ባር ይለኛል ያለችውን የሰማልን ሰው

ሰላም የዲሲ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወገኖቼ። ይሄን ነገር አርባው ሳይወጣ ልጽፈው ነበር ግን እጄ እምቢ አለኝ፣ አሁንም ሺፍቴ ሊጀምር አንድ ሰአት ሲቀረው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነውና ፊደል ብሳሳት ይቅርታ። በሞት ስለተለየን አንድ ሶሻል ወርከር ነው፣ ሰውን ከእርዳታና ከህክምና ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ ማለት ነው። ስሙን አትጻፊ ብለውኛል ቤተሰቦቹ፣ ስለዚህ ጋሼ ብቻ እላለሁ፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ የኖረ አበሻ ደግሞ አንድ ቀን እንኳን እሱ ፊት ወረቀት ይዞ ያልተቀመጠ ያለ አይመስለኝም።

እናቴን በ2014 ነው ያመጣኋት፣ በ71 ዓመቷ፣ ግሪን ካርድ ይዛ። አይ 864 የሚባለውን የስፖንሰር ፎርም ሳላነበው ነበር የፈረምኩት፣ እናቴ ትምጣልኝ እንጂ ሌላው ምን አገባኝ ብዬ። ለካ እንደሷ በልጁ ስፖንሰርነት የመጣ አዛውንት አምስት ዓመት እስኪሞላው ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ) አያገኝም። ሜዲኬር የሚባለው የአዛውንቶች ኢንሹራንስ ደግሞ 65 ስላለፋት ይሰጣታል ብዬ ነበር፣ እሱም ለካ እዚህ አገር ሰርቶ ታክስ ላልከፈለ ሰው ያው አምስት ዓመት ጠብቆ በብሩ የሚገዛው ነገር ነው። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ከታመመች በኋላ ነው።

ታመመች ስል እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ጋ ነው። በመጣች በስድስተኛው ወር አካባቢ ምግብ ቀነሰች፣ ሌሊት ትነሳለች፣ መስኮት ስር ትቀመጣለች። እኔ ሁለት ስራ ነበረኝ እና ሆስፒታል ስትሄድ አብሯት የገባው የ10 ዓመት ልጄ ነበር። ዶክተሩ ምን ይሰማሻል ሲላት "ሆዴን ባር ባር ይለኛል" አለችው። ልጄ ደግሞ አማርኛው የማጀት አማርኛ ነው፣ ና ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አውልቅ። ሆድ የምትለዋን ሰማ፣ ሆዷን ያማታል ብሎ አስተረጎመ። ደም ተቀዳ፣ አልትራሳውንድ ታየ፣ ቀጥሎም በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው ጨጓራዋን አዩ፣ ምንም የለም። ሁለተኛ ሄደች ያንኑ አለች ያንኑ ተባለ። የመጣልኝ ቢል ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፣ ፖስታውን ፍሪጅ ላይ አስቀምጬ በየቀኑ አየዋለሁ፣ አልከፍተውም።

አብራኝ የምትሰራ ልጅ ናት "አንድ ሰውዬ አለ" ያለችኝ። ስንሄድ ቢሮው ጠባብ ናት፣ ከበሩ ውጪ አምስት ስድስት እናቶች በነጠላ ተቀምጠዋል። እኔ ቢሉን ዘረገፍኩለት። እሱ ቢሉን አላየም፣ ወደ እናቴ ዞሮ "እማማ፣ ባር ባር የሚልዎት መቼ መቼ ነው?" አላት። እሷም "ልጆቹ ሁሉ ወጥተው በሩ ሲዘጋ" አለችው።

አፈርኩ በቃ። ስድስት ወር ሙሉ አብሬያት እየኖርኩ እኔ አልጠየቅኳትም። ጋሼ ስክሪብቶውን አስቀምጦ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ሰፈሯ፣ ስለ ማህበሯ፣ ስለ እድሯ፣ ጎረቤቷ ጋ ጠዋት ጠዋት ስለሚፈላው ቡና አወራት፣ ውጪ ሰው እየጠበቀ። በኋላ ለኔ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "አበሻ ሆዴን ሲልሽ መጀመሪያ ማን ናፈቀህ ብለሽ ጠይቂው፣ ጨጓራው ከዛ በኋላ ይደርሳል።" ይሄን ብሎ ግን ዝም ብሎ አልለቀቃትም፣ ለሃኪሟ ደውሎ በደንብ አስረድቶ ስለ ድብርቱም በአማርኛ አስተርጓሚ እንድትታይ አድርጓል።

ልጅን ማስተርጎም ላይ ተቆጥቶኛል። በሳቅ የሚያወራ ሰው ነው ግን እዛ ላይ ፊቱ ተቀየረ፣ አስር ዓመት ልጅ ለአያቱ ካንሰር ነው ብሎ እንዲነግራት ትፈልጊያለሽ ወይ አለኝ። ከዛ አስረዳኝ፣ እናንተም ስሙኝ፣ ዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ህግ አላት፣ የከተማው መስሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛም በህጉ ከሚሰራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆስፒታልም ቢሆን የፌዴራል ብር ስለሚቀበል የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በስልክም ይሁን በቪዲዮ። "አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" የምትለዋን ሶስት ቃል እናቴን ቢሮው ውስጥ አስጠናት፣ እስከዛሬ በእንግሊዝኛ ሳትሳሳት የምትለው እሷንና "ቢንጎ" የሚለውን ነው (ቢንጎውን እነግራችኋለሁ)።

ቢሉን ምን አደረገው? ሆስፒታሉ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሞላ የፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም አለው፣ እኔ እንዲህ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር፣ ሞላልን፣ አብዛኛው ተነሳ። ለኢንሹራንሱ ደግሞ የምንኖረው ዲሲ ውስጥ ስለነበር አሊያንስ ውስጥ አስገባት፣ የከተማዋ የራሷ ፕሮግራም ነው፣ ሜዲኬይድ ለማያገኝ ነዋሪ። ያኔ ግን አሊያንስ በየስድስት ወሩ በአካል ተገኝቶ ማደስ ግድ ነበር፣ ምን ልበላችሁ፣ የነበረው ሰልፍ! ከንጋቱ 11 ሰአት በአበሻ ካልተሰለፍክ ዛሬ ሞልቷል ትባላለህ። ሽማግሌዎቹ በጃንዋሪ ብርድ ውጪ ይቆማሉ። ጋሼ ወደ ስራው ከመሄዱ በፊት እዛ ይመጣ ነበር፣ በትልቅ ቴርሞስ ሻይ ይዞ፣ የማንንም ቦታ ሳይነጥቅ መጨረሻ ቆሞ፣ በሩ ሲከፈት ከያንዳንዱ ጋር መስኮቱ ድረስ እየሄደ። ማንም አልከፈለውም ለዛ። አንድ ቀን መስኮት ላይ የነበረችው ሰራተኛ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዘሽ ነይ ብላ አንዷን እናት ልትመልስ ስትል የህጉን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሳይጮህ አነበበላት፣ ስልክ ተደወለ አስተርጓሚ መጣ። (አሁን የአሊያንስ ደንብ ብዙ ተቀያይሯል፣ ያኔ እንዲህ ነበር ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ጠይቁ።) አምስት ዓመቱ ሲሞላ እኔ ረስቼው እሱ ነው የደወለልኝ፣ "የእማማ ቀን ደርሷል" ብሎ፣ ሜዲኬይድ ጀመረች፣ ሆም ኬር፣ ማለት ቤት መጥቶ የሚንከባከባት ሰው፣ ተፈቀደላት።

ቢንጎው እንግዲህ ከዛ በፊት ነው፣ ጋሼ አበሻ እናቶች የሚውሉበት የአዛውንቶች መዋያ አገኘላት፣ ጠዋት ቫን ይወስዳታል። መጀመሪያ አልሄድም ብላ አልቅሳለች፣ ቤት አልባ ልታደርጊኝ ነው ብላኛለች። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜም ካልሄድኩ አለች። ቡና አለ፣ ሐሜት አለ፣ ቢንጎ አለ፣ ባር ባሩም ቀነሰ።

እውነት ለመናገር አንዴ ተቀይሜው ነበር። ከምሽቱ 6 እስከ 8 በፈረንጅ ሰአት ስልኩን ያጠፋል። አንድ ማታ ፎርም ላይ ተጣብቄ ስደውል ስደውል እምቢ አለኝ፣ ተናደድኩ፣ ይሄ ነው እንዴ የሚያመሰግኑት አልኩ። በነጋታው ነገረኝ። በሱዳን በኩል ነው የመጣው፣ በ80ዎቹ፣ ከዛ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሶሻል ወርክ የተማረው፣ እና የመጀመሪያ ልጁ መቼ መሄድ እንደጀመረች አላየም። "ባለቤቴ በፎቶ ነው ያሳየችኝ" አለኝ። ከዛ በኋላ ለተወለዱት ሁለቱ ራት ሰአት የማንም አይደለም ብሎ ቆረጠ። 8 ሰአት ከአንድ ደቂቃ ላይ ግን እሱው ራሱ ነው መልሶ የሚደውለው፣ እያላመጠ።

ልቅሶ ቤት ስንሄድ ኮሪደሩ ሁሉ ሰው ነው፣ እናቶቹ ከመዋያው በቫን ነው የመጡት። ሁሉም አባቴ ነበር እያለ ያለቅሳል። ትልቋ ልጁ፣ ያቺ ስትሄድ ያላያት፣ ለኔ በጆሮዬ ምን አለችኝ፣ "እኔ ልጅ እያለሁ በዚህ ሁሉ ሰው እቀና ነበር፣ አሁን ግን ቁጭ ብዬ ስቆጥረው የቀረብኝ ራት ያንን የታክሲውን ጊዜ ብቻ ነው።" ባለቤቱ ምንም አልተናገረችም፣ ለመጣው ሁሉ ንፍሮ ታድላለች፣ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ። እናቴ ከልቅሶው ስንመለስ መኪና ውስጥ ያንን የድሮውን ነገር አለች፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ያ የያኔው አስተርጓሚ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፣ መኪናውን የሚነዳው እሱ ነበር፣ እኔ አፌን ሳልከፍት "አውቃለሁ እማ፣ እኔንም" አላት።

በሉ ወደ ጥቆማው። ጋሼ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያሰለጠናት አንዲት ልጅ አለች፣ ላይሰንስ ያላት ሶሻል ወርከር፣ የሱ ቢሮ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፣ ትግርኛም ትችላለች። እናቴን ስታያት መጀመሪያ የጠየቀቻት ምን እንደበላች ሳይሆን ከማን ጋር እንደበላች ነው፣ ያኔ በቃ የሱ ልጅ ናት አልኩ። ሜዲኬይድ፣ ፉድ ስታምፕ፣ የቤት ኪራይ እርዳታ፣ የሆስፒታል ቢል፣ ሁሉንም ታያለች፣ በነጻ ነው። እባካችሁ ፎርም እንሞላለን እያሉ 200 ዶላር 300 ዶላር ለሚቀበሏችሁ ሰዎች ብራችሁን አትስጡ፣ ጋሼን እንደዚህ የሚያናድደው ነገር አልነበረም። የተኛችሁበት ሆስፒታልም "ሶሻል ወርከር ላናግር" ብላችሁ ጠይቁ፣ አላቸው፣ ካልጠየቃችሁ ግን ላይመጡ ይችላሉ።

ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እዚህ አልለጥፈውም። ከሰኞ እስከ ሀሙስ አለች፣ አርብ ግማሽ ቀን። ስትሄዱ የመጣላችሁን ፖስታ ሁሉ ያዙ፣ ያልከፈታችሁትንም። ከምሽቱ 6 እስከ 8 ግን አትደውሉላት፣ እሷም ታጠፋለች።