እናቴን ያስገባሁበት የአረጋውያን ማቆያ፣ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል

ይሄን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሶስት ወር ቆየሁ። እኛ ሰፈር «እናቷን ማቆያ አስገባች» ማለት «እናቷን ጣለች» ማለት ነው። የእድር ሰዎች እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እናትሽ እንዴት ናቸው» ብለው አያቆሙም፣ «ደሞ አሁን የት ነው ያሉት?» ብለው ይጨምሩበታል፣ የት እንዳለች እያወቁ። ይጠይቁ። ስትሮክ ግራ ጎኗን የያዛትን ሴት ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለቀጠሮ ተሸክመው ያወረዱ ቀን ለነሱም ይገባቸዋል።

ሁለት ቦታ ነው የማወራላችሁ፣ የሁለቱንም ስም አልጠራም። የመጀመሪያውን ብጠራ ፀብ ነው፣ በሁለተኛው ደሞ እናቴ አሁንም እዛው ነው ያለችው፣ ሌሊቱን በሚንከባከቧት ልጆች እጅ ናትና አፌን ሰብሰብ ማድረግ ይሻለኛል። ሁለቱም ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው፣ አንዱ ለገጣፎን አልፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ፣ አንዱ በካራ በኩል። ሁለቱም የግል ናቸው፣ ይከፈልባቸዋል። «ለምን መቄዶንያ አልወሰድሻትም?» ያለኝም ሰው አለ። እንዴ! አያት ያለው መቄዶንያ እኮ መንገድ ላይ የወደቁትን፣ ጧሪ ቀባሪ ያጡትን ነው የሚያነሳው፣ እኔ ደሞዝተኛ ሆኜ የነሱን አልጋ ልሻማ ነው?

የመጀመሪያውን ልናይ የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀጠሮ ይዘን ነው። ሳሎኑ ያምራል፣ ሶፋው አዲስ፣ ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል፣ አንዲት እናት ፀጉራቸው ተሰርቶ ነጭ በነጭ ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቡና ተፈላልን። ሞኟ እኔ ሳሎን አይቼ ተመለስኩ። ሃላፊው እያስጎበኘን «እኛ ጋ እስካሁን አንድም አረጋዊ ወድቆ አያውቅም» አለን፣ በጣም ደስ አለኝ፣ ማታ እንግሊዝ ላለችው እህቴ ደውዬ ይሄንኑ ነገርኳት። እህቴ እዛ አረጋውያን ማቆያ ውስጥ ነው የምትሰራው፣ ስድስት ዓመቷ ነው። ትንሽ ዝም አለችና «ሽማግሌ የማይወድቅበት ቤት የለም፣ ሲወድቅ የማይጻፍበት ቤት ግን አለ» አለችኝ። እኔ ደሞ በሆዴ እሷ ያለችበት ሀገር ብቻ ነው እንዴ ደህና ነገር ያለው ብዬ ተቀየምኳት። ከፈልኩ። ውሉ ላይ «ለሚደርስ ማንኛውም አደጋ ድርጅቱ ተጠያቂ አይሆንም» የሚል መስመር ነበር፣ ባንክ ቤት ነው የምሰራው፣ ሰው ሳያነብ ሲፈርም ቀን ከሌት የምቆጣ ሰው ሳላነብ ፈረምኩ።

ሶስተኛው ሳምንት ላይ ካልሲዋን ሳወልቅላት ግራ ተረከዟ ላይ ሳንቲም የሚያክል ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። ልጅቷን ስጠይቃት «ጫማ ነክቷቸው ነው» አለችኝ። ጫማ! አልጋ ላይ የምትውል ሴት! ቪዲዮ ከፍቼ ለእህቴ አሳየኋት፣ እሷም እንዲህ አለችኝ፣ ስልጠና ላይ ሁሌ የሚያሳዩን የነጭ ሰው ቆዳ ነው፣ ቀላ ሲል ያዙት ይሉናል፣ የኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ጠቆር ወይ ወይነጠጅ ነው የሚለው፣ ስለዚህ በእጅሽ ጀርባ ዳሰስ አርጊው፣ ከዙሪያው ከሞቀ ወይም ጠጠር ካለ ቁስሉ ከውስጥ ጀምሯል። ዳሰስኩት፣ ይሞቃል።

ያኔ ነው የአልጋ ቁስል ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ። ሥጋው በአጥንቱና በፍራሹ መሃል ተጨፍልቆ ደም ሲያጣ የሚሞት ነገር ነው፣ ተረከዝ፣ ዳሌና ጅራት አጥንት ላይ ይብሳል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ መቀየር አለበት የሚባለውም ለዛ ነው፣ ተረከዝ ደሞ ባቷ ስር ትራስ ገብቶ ፍራሹን ሳይነካ መንሳፈፍ አለበት። ያው ይሄን ሃላፊው ያውቃል፣ እንዲያውም አልጋዋ ግርጌ ላይ «የማገላበጫ ቅፅ» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሎ ነበር፣ ሰዓቱ፣ ጎኑ፣ ፊርማው፣ ሁሉም አለው።

እና አንድ ማክሰኞ ሳልናገር ማታ ሄድኩ። ጋቢ ረስቼ ነው ብዬ። ዘበኛው በሩን ለመክፈት አስር ደቂቃ ፈጀ፣ ቁልፉ በጓሮ በኩል ከሌላኛው ዘበኛ ጋር ነበር። የውስጡም የፎቁ በር በውጪ በኩል በጓጉንቸር ተቆልፏል፣ ምክንያቱም አንድ የመርሳት ችግር ያለባቸው አባት ሌሊት እየወጡ ያስቸግራሉ ነው። እሺ፣ መውጣታቸው አደጋ ነው፣ ግን እሳት ቢነሳስ? አስራ አራት አረጋውያን፣ ሁለት ፎቅ፣ ያለችው ልጅ አንድ ናት፣ እሷም ምድር ቤት ልብስ እያጠበች። የእማዬ አልጋ ጋ ስደርስ ያ ወረቀት ላይ አይኔ አረፈ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፣ ወረቀቱ ግን እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ ተሞልቷል። ሌሊት 8 ሰዓት በግራ፣ 10 ሰዓት በቀኝ፣ 12 ሰዓት በግራ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ፊርማው እንኳን ተደርድሮ። ገና ያልመጣ ሌሊት ተፈርሞበታል። ፎቶ አነሳሁት፣ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

በሳምንቱ አወጣኋት። የቅድሚያ ክፍያዬ አልተመለሰም፣ እሱን ትቼዋለሁ።

ሁለተኛውን ስፈልግ እህቴ እነሱ ጋ፣ እንግሊዝ፣ ማቆያዎች እንዴት እንደሚፈተሹ ነገረችኝ። ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የሚባል የመንግሥት ተቆጣጣሪ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ሳይናገሩ ነው ዱብ የሚሉት፣ አምስት ነገር ይጠይቃሉ፣ ቤቱ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው ወይ፣ እንክብካቤው ይሰራል ወይ፣ ርህራሄ አለ ወይ፣ ለያንዳንዱ ሰው እንደፍላጎቱ ነው ወይ፣ አመራሩስ ደህና ነው ወይ። ከዛ ደረጃ ይሰጣል፣ ከላይኛው እስከ ታችኛው አራት ነው፣ ቤቱም ያገኘውን ደረጃ ሰው በሚያይበት ቦታ የመለጠፍ ግዴታ አለበት። እንደዛም ሆኖ ጉድ የሚወጣበት ቤት አይጠፋም ትላለች። እኔ ያየኋቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ የለጠፉልኝ ንግድ ፈቃድ ነው። ንግድ ፈቃድ ጥሩ ነገር ነው፣ ግብር ከፋይ መሆናቸውን ይነግርሻል፣ የእናትሽን ተረከዝ ግን ማንም አላየውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል፣ 1987 ላይ የተጻፈ ነው፣ ለኔ ግን ያን ሰሞን ፈታሹም ተቆጣጣሪውም እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ካራ በኩል ያለው ቤት ስሄድ ሳሎኑን ዘልዬ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፣ «ሲስተር፣ ዘንድሮ ስንት ሰው ወደቀባችሁ?» አልኳት። ሃላፊዋ ነርስ ናት። አልደነገጠችም፣ ከመሳቢያ የተጨማደደ የሂሳብ ደብተር አወጣችና ቆጠረች፣ «አስራ አንድ ጊዜ፣ አምስቱን የወደቁት አንድ እናት ናቸው» አለች። እያንዳንዱ መስመር ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የት ቦታ፣ ጫማው ምን ነበር፣ መብራት ነበር ወይ የሚል አለው። የኚያ እናት አወዳደቅ ሁሌ ሌሊት ከ9 እስከ 11 መሆኑን ከደብተሩ አይተው አልጋቸውን ሽንት ቤቱ አጠገብ አዛወሩት፣ ኮሪደሩ ላይ ማታ የማትጠፋ ትንሽ አምፖል ሰቀሉ፣ የላስቲክ ነጠላ ጫማቸውን ተረከዙ በተዘጋ ጫማ ቀየሩት፣ ከዛ በኋላ አንዴ ብቻ ነው የወደቁት። እዛው ቁጭ ብዬ ወሰንኩ። የወደቀ የለም ካለኝ ቤት አስራ አንድ ያለኝ ቤት ይሻለኛል።

ሌላውን ግን ዝም ብዬ አላመንኩም። ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ሄጄ አየሁት፣ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ ነው፣ ግፊቱ ደህና ነው ማለት ነው (የመጀመሪያው ቤት የነበረው ቀዩ ላይ ተኝቶ ነበር፣ ያኔ ምን እንደሆነ አላወቅኩም)። የፎቁ በር ከውስጥ ይከፈታል፣ ሲከፈት ግን ደወል ይጮሃል። ስልኩ አጠገብ 907 እና 939 በትልቁ ተጽፏል፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ። መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ላይ የሚነጠፍ ሻካራ ላስቲክ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሁለት ሮቶ አላቸው፣ አንዴ ግን ሶስት ቀን ሙሉ ጠፍቶ በቦቴ አስመጡ። ማታ ሁለት ልጅ አለ፣ ይሄንንም ማታ ሄጄ አይቻለሁ፣ ሁለቴ። ውሉ ላይ ያቺው «ተጠያቂ አይሆንም» የምትለው መስመር እዚህም ነበረች፣ በእስክሪብቶ ሰረዝኳት፣ ሲስተር ዝም ብላ አጠገቧ ፈረመች።

እማዬ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ትወጋለች። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለበት፣ እዚህ ለብቻው ትንሽ ፍሪጅ አለው፣ ውስጡ ቴርሞሜትር ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያው ቤት ወጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ከስጋው ጋር ነበር የሚያስቀምጡት፣ አንዴ በረዶ ከሰራ ደሞ ቢቀልጥም መጣል ነው ያለበት፣ ወግተዋት ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

አሁን ስለ ፍልሰታ ልንገራችሁ፣ ሲስተርን የወደድኳት ያኔ ነው። እማዬ እድሜ ልኳን ጿሚ ናት፣ ፍልሰታ ሲገባ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም አለች፣ ኢንሱሊኑን ግን በጠዋት ትወጋለች። ተወግቶ አለመብላት ማለት ስኳር ዱብ ማለት ነው፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር፣ ከዛም ራስን መሳት። ሌላ ቦታ ቢሆን ወይ በግድ ያጎርሷታል ወይ እሺ ብለው ይተዋታል። ሲስተር ደውላ የንስሐ አባቷን ስልክ ጠየቀችኝ። አባ በስልክ፣ ድምፁ ከፍ ተደርጎ፣ «ወለተ ማርያም፣ ለታመመ ፆም የለበትም፣ መድኃኒትሽን ወስደሽ አጥሚትሽን ጠጪ፣ ለድሃ ትመፀውቻለሽ» አሏት። እማዬም እያጉረመረመች ጠጣች። ግን ሥጋና ወተት አልነካም አለች፣ እሱንም አከበሩላት፣ ሽሮ ፍትፍት ነው የበላችው። እኔ ልጅዋ ሆኜ አባ ጋ መደወል አልመጣልኝም ነበር።

ቡናም አለ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከሰሉ ግን በረንዳ ላይ ነው የሚቀጣጠለው፣ ቤት ውስጥ አያስገቡትም። አንድ የድሮ ሻምበል አሉ፣ ብርዱን እየረገሙ «ከሰሉን አስገቡት!» ብለው ያዛሉ፣ ማንም አይሰማቸውም፣ ጋቢ ይደርቡላቸዋል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ስንቱን እንደጨረሰ እሳቸው ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም፣ ማዘዝ ናፍቋቸው ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ወርሃዊው 38 ሺህ ነው ተባለ፣ ዳይፐርና ጓንት ለብቻ ነው፣ ሐኪም የመጣ ቀን ለብቻ ነው፣ የመጀመሪያው ወር ደረሰኝ ሲመጣ ደነገጥኩ፣ እህቴ ባታግዘኝ አልችለውም። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለቴ ብለው አንዴ ነው የሚመጣው፣ ዝናብ ከሆነ ደሞ አይመጣም። ቴሌቪዥኑ ከንጋት እስከ ማታ ይጮሃል፣ ማንም አያየውም፣ ግማሾቹ ከፊቱ ተደርድረው ያንቀላፋሉ፣ ልጆቹ ናቸው ድራማ የሚያዩት። ጥየቃ ከ4 እስከ 6 ብቻ ነው ይላሉ፣ ይሄን በፍፁም አልቀበልም፣ ማታ ማየት ያልተፈቀደበት ቤት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፣ እየተጨቃጨቅኩም ቢሆን እገባለሁ። ምግቡ ጨው ያንሰዋል ትላለች እማዬ፣ ግፊት ስላላት እሱ ልክ ነው።

ትልቁ ግን የሻወሩ መያዣ ብረት ነው። የግድግዳው ብረት በግራ በኩል ነው የተተከለው፣ የእማዬ ደህናው እጅ ቀኙ ነው። መያዣ አለን ይላሉ፣ አለ፣ ሞቶ በተንጠለጠለ እጅ ነው የሚያዘው ማለት ነው? ስነግራቸው ሲስተር ራሷ ገብታ ግራ እጇን ወደኋላ አድርጋ ለመቀመጥ ሞከረችና «ወይ ጉድ» አለች። ብየዳ የሚሰራ ሰው ይመጣል ተብሏል፣ ሶስት ሳምንት ሆነው። እስከዛ ሁለት ሆነው ነው የሚያጥቧት፣ ደብተሩ ላይ ይጽፉታል፣ አይቻለሁ።

ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት ለቴሌቪዥኑ ነው፣ ግማሽ ለጥየቃ ሰዓቱ፣ ግማሽ ለዛ ብረት። ወደ ቀኝ ካዞሩት የሱን እመልሳለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።