የቤት ኢንተርኔት ድንገት ሲቋረጥ፦ የስልክ ሆትስፖት ወይስ የጣና ዳር ዋይፋይ?

ባሕር ዳር ውስጥ የቤት ኢንተርኔት ድንገት ሲቋረጥ የሚቀርቡት ሁለት አማራጮች የስልክን ዳታ በሆትስፖት ለኮምፒውተር ማካፈል፣ ወይም ላፕቶፕ ይዞ ጣና ዳር ወዳለ ዋይፋይ ያለው ሆቴል መሄድ ናቸው። አስቀድሞ ግን የፋይበር መሣሪያውን ማየት ይገባል፤ «ኤል ኦ ኤስ» (LOS፣ የምልክት መጥፋት) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ስለሆነ ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ጥቅም የለውም።

ሆትስፖት ከቤት አያስወጣም፤ መብራት ቢጠፋም የስልኩ ባትሪና የኔትወርክ ማማው መጠባበቂያ ኃይል እስካሉ ድረስ ይሠራል። ጉድለቱ የዳታ ጥቅሉን ቶሎ መጨረሱ ነው። በተለይ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር የተለመደ ዋይፋይ ያገኘ ስለሚመስለው ማሻሻያዎቹን ከበስተጀርባ ማውረድ ይጀምራል፤ ስለዚህ ግንኙነቱን በሴቲንግ ውስጥ «ሚተርድ» (ዳታው የተገደበ) ብሎ መመደብ ብዙ ሜጋባይት ያተርፋል። ስልኩና ኮምፒውተሩ በተለያየ ክፍል ከሆኑ ደግሞ ከሆትስፖቱ የሞገድ ምርጫዎች ከ5 ይልቅ 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል።

የሆቴሉ ዋይፋይ ለከባድ ፋይል ይመረጣል፤ ቡና ወይም ምሳ ማዘዝ ስለማይቀር ግን ነጻ ነው ማለት አይቻልም (ሐይቁን ፊት ለፊት እያዩ ሪፖርት መጨረስም ራሱን የቻለ ትግል ነው)። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ እንደታየው፣ ዳታው ራሱ ሲጠፋ ሆትስፖት ፋይዳ የለውም።

ለጥቂት ሰዓት መቋረጥ እኔ ሆትስፖትን እመርጣለሁ፤ የሆቴል ዋይፋይ ብዙ ሰው የሚጋራው ስለሆነ፣ እዚያ ተቀምጬም ቢሆን የባንክ ሥራዬን የማከናውነው በራሴ ዳታ ነው።