ጌም ቤቷን 4 ኮከብ፣ ሳን አንድሪያስን 2

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ወይ ከኮዬ ፈጬ ባጃጅ ይዞ መምጣት ለማይደብራችሁ፣ ግራውንድ ላይ የተከፈተችዋ ጌም ቤት በጣም አሪፍ ናት። ሌላው ቦታ ሁሉ ፊፋ ብቻ ነው፣ እነዚህ ግን ፒኤስ ቱ (ፕሌይስቴሽን 2) ከነአሮጌ ሲዲው ሰብስበዋል፣ ሂሳቡም በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት ነው፣ 50 ብር። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር ያስነሳሉ። ሽንት ቤት ግን የለም፣ ጎን ያለው ካፌ ገብተህ ማኪያቶ አዘህ ነው የምትጠቀመው፣ እሱንም ሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

አራቱ ኮከብ የቤቱ ነው። ሁለቱ የጂቲኤ ሳን አንድሪያስ፣ ሽፍታ ሆነህ ከተማ የምትበጠብጥበት ጌም። መሳደብ የምትፈልጉ አሁኑኑ ተሳደቡና እንቀጥል።

እኔ የምለው፣ እኛ ጋ ሳን አንድሪያስ ሳን አንድሪያስ የሚለው ሰው አብዛኛው ጌሙን አልተጫወተውም፣ ኮዱን፣ ማጭበርበሪያውን ቃል ነው የተጫወተው። ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣለህ፣ ሄሶያም ብለህ ትጽፋለህ፣ ሲጄ (የምትጫወትበት ሰውዬ) ጤናው ይሞላል፣ ጥይት መከላከያ ይለብሳል፣ 250 ሺህ ዶላር ይገባለታል፣ ከዛ ሮኬትማን ብለህ ጄትፓክ (ጀርባ ላይ የሚታዘል መብረሪያ) አሸክመኸው ከተማውን ስትበጠብጥ ስትበጠብጥ ሰዓትህ አልቋል ተነስ ትባላለህ። እሱማ ይጣፍጣል ማን ይክዳል። ጉዱ የሚመጣው ሚሽኑን፣ ታሪኩን የሚያስቀጥለውን ተልዕኮ፣ ልስራ ስትል ነው።

አጀማመሩ አሪፍ ነው፣ አልዋሽም። ታሪኩ በፈረንጆቹ 1992 ነው፣ ሲጄ እናቱ ተገድላ ለቀብር ሎስ ሳንቶስ ይመጣል፣ ገና ከመምጣቱ ፖሊሶቹ ይይዙትና ብሩን ቀምተው የጠላት ሰፈር ጥለውት ይሄዳሉ። ሬዲዮው ሰፈሩ ምናምን፣ ምንም አይወጣለትም። ከዛ የባቡሩ ሚሽን ይመጣል። ቢግ ስሞክ የሚባለውን የሲጄን ጓደኛ ሞተር ላይ አፈናጠህ ባቡር ታባርራለህ፣ ባቡሩ ላይ አራት ቫጎሶች (የጠላት ጋንግ ልጆች) አሉ፣ ተኳሹ ስሞክ ነው፣ ያንተ ስራ መንዳት ብቻ ነው፣ እና ሰውዬው አይመታም! አጠገባቸው ድረስ ወስደኸው ራሱ ጥይት ሲያባክን ነው የሚውለው፣ በቀኝ በኩል ከባቡሩ ራቅ ብለህ ስትነዳለት ነው የሚቀናው፣ ይሄን ደግሞ ማንም አይነግርህም። ባቡሩ ሲያመልጥ የሚሰደበው ማን ነው? አንተ።

ከወደቅክ ከመጀመሪያው ነው፣ መሃል ላይ ቼክፖይንት (ከደረስክበት የምትቀጥልበት ቦታ) የሚባል ነገር የለም። ከሞትክማ ሆስፒታል በር ላይ ትነሳለህ፣ መሳሪያህን ተቀምተሃል፣ ከዛ እንደገና ሚሽኑ የሚጀመርበት ድረስ ንዳ። በሰዓት ለሚከፍል ሰው ሜትር ታክሲ ውስጥ ትራፊክ ተይዞ ቁጥሩ ሲሮጥ ማየት ነው።

ደግሞ ይርበዋል። ጌሙ ውስጥ አንድ ደቂቃ ማለት የኛ አንድ ሰከንድ ነው፣ ቀኑ በ24 ደቂቃ ያልቃል፣ ስለዚህ በ50 ብሬ ሁለት ቀን ተኩል ያልፍበታል፣ በርገር አብላኝ ይላል፣ ሲያበዛ ይወፍራል፣ ጂም ውሰደኝ ይላል። እኔ ራሴ ምሳ አልበላሁም እኮ ወንድሜ!

በረሃ ላይ ደርሰህ ደግሞ የአውሮፕላን ትምህርት ቤት ትገባለህ፣ 10 ፈተና፣ ካላለፍክ ታሪኩ አይቀጥልም። ሽፍታ ልሆን መጥቼ ተማሪ አደረጉኝ።

ሴቭ የሚደረገው ቤት ገብተህ ብቻ ነው። የጌም ቤቷ ሚሞሪ ካርድ ባለ 8 ሜጋባይት ናት፣ ሰፈሩ በሙሉ ይጋራታል፣ የኔ ላይ አንዱ ሴቭ አድርጎበት ጠበቀኝ። ቤቱን የሚጠብቀውን ልጅ ስነግረው "ጋሽዬ ኮድ ልስጥህ?" አለኝ። አያችሁ? ጌሙን ከሚሽኑ ማዳኛው ኮድ ነው፣ ጠባቂው ራሱ ያውቀዋል።

"ለዘመኑ ነው" የሚሉኝ አሉ። ሳን አንድሪያስ በፈረንጆቹ 2004 ወጣ፣ ሪዚደንት ኢቭል 4 የሚባለው ጌም በ2005፣ ስትሞት ግን እዛው አካባቢ ነው የሚመልስህ። እሱም የራሱ በሽታ አለው፣ ሰውዬው እየተራመደ መተኮስ አይችልም፣ ግን ጊዜህን አይሰርቅህም። ተከን 3 ደግሞ ይባስ ብሎ የፈረንጆቹ 90ዎቹ የድብድብ ጌም ነው፣ ተሸነፍክ፣ አንዴ ተጫንክ፣ ተመለስክ። ኤዲ የሚባለውን ተደባዳቢ መርጦ አይኑን ጨፍኖ በተን የሚቀጠቅጥ ህጻን ቢያሸንፈኝ እንኳን እስቃለሁ።

ለሚሄዱ፦ ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ ልጆች ሞልተውት ነው የሚጠብቃችሁ። በር አጠገብ ያለው ቲቪ ላይ ፀሀይ ያርፍበታል፣ ውስጠኛውን ጠይቁ። ግራ አናሎጉ በፕላስተር የታሰረውን ጆይስቲክ ከሰጧችሁ መልሱ፣ ሲጄ ብቻውን ይሄዳል።