ለልጄ ብስክሌት የማርሽ መቀየሪያ ለመረጡልን የኮምቦልቻ ባለሙያ ምስጋና

በኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ አባት ለስምንት ዓመት ልጄ ስላደረጉላት ነገር በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም፤ ሥራቸውን እንድናገር ግን አልከለከሉኝም።

የምንኖረው ደሴ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር በዳገትና በቁልቁለት ላይ በተሠራች ከተማ ሕፃን ልጅ ብስክሌት ይዛ ከደጅ ስትወጣ ወላጅ ምን እንደሚሰማው የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጄ መንዳት የለመደችው ኮምቦልቻ አክስቷ ቤት ሲሆን፣ እዚያ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ማርሽ መቀየር ያን ያህል አያስፈልጋትም ነበር። ደሴ ስንመለስ ግን ማርሹ የግድ ሆነ። ብስክሌቷ ባለ 20 ኢንች ጎማ፣ ከኋላ 7 ማርሽ ያላት፣ ሌላ ልጅ ነድቷት የተገዛች ናት። በእጅ የሚጠመዘዘው መቀየሪያዋ ተሰንጥቆ ስለነበር አንድ ሱቅ ወስጄ አዲስ አስገጠምሁላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንሰለቱ ይንኳኳል፣ ዳገት ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ አንድ ቀን እግሯ ከፔዳሉ አምልጦ ጉልበቷ ክፉኛ ተላጠ። ልጄ ጥፋቱ የእሷ መስሏት «እኔ መቀየር አልችልም» ማለት መጀመሯ ከቁስሉ ይልቅ አሳዘነኝ።

ባለሙያው ችግሩን ያወቁት የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ፔዳሉን በእጃቸው እያዞሩ ሁለት ጊዜ ማርሽ ከቀየሩ በኋላ ነው። የተገጠመልን መቀየሪያ ለ6 ማርሽ የተሠራ ነበር። በ6 ማርሽ ላይ ከአንዱ ጥርሳም ክብ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በ7 ማርሽ ግን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀጭታ፣ ማለትም መቀየሪያው አንድ ማርሽ ሲለውጥ «ቀጭ» የሚልበት እርምጃ፣ ሰንሰለቱን ከሚገባው ትንሽ አሳልፎ ይወስደዋል፤ ትንሿ ልዩነት እየተደመረች ሄዳ ሰንሰለቱ በሁለት ጥርሳም ክቦች መካከል ይቆማል። ይህን ካስረዱኝ በኋላ ወደ ልጄ ዞር ብለው «አብሽሪ የኔ እናት፣ ጥፋቱ የብስክሌቱ እንጂ ያንቺ አይደለም» አሏት። ከሁሉ በፊት የማመሰግናቸው ስለዚህች ንግግር ነው።

እኔ የሄድሁት ከፊት 3 ከኋላ 7 ማርሽ ያለው፣ 21 የሚባለውን ዓይነት ላስገጥምላት አስቤ ነበር። ባለሙያው ከእኔ ብዙ ገንዘብ ማግኘት ሲችሉ አይሆንም አሉኝ። ከፊት ተጨማሪ ማርሽ ማለት ለግራ እጅ ሌላ መቀየሪያ ማለት ነው፤ ልጅ ደግሞ ሁለቱን ማቀናጀት እስክትማር ሰንሰለቱን ከፊት ትልቁ፣ ከኋላም ትልቁ ላይ አድርጋ ታጣምመዋለች፤ ብስክሌቱም ይከብዳል። ከ21ዱ ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ስለሆኑ የሚገኘው ጥቅም ቁጥሩ እንደሚመስለው አይደለም። ለዳገቱ የመረጡት መፍትሔ ሌላ ነበር። የእኛ ብስክሌት ከፊት 36 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ነበረው፤ የኋላውን ትልቁ 34 ጥርስ በሆነ ሌላ ባለ 7 ማርሽ ለወጡት፤ ሰንሰለቱ እንዳያጥርም ጥቂት ዐይኖች ጨመሩበት። በዚህች ትንሽ ጎማ ቀድሞ በቀላሉ ማርሽ አንድ ዙር ፔዳል ወደ 1.9 ሜትር ይወስዳት የነበረው አሁን 1.6 ሜትር ያህል ብቻ ይወስዳታል፤ ዳገት ላይ እግሯ የሚሸከመው ጫና በዚያው ልክ ቀነሰ።

ወደ መቀየሪያው ምርጫ ስንመጣ ባለሙያው ያደረጉትን ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። ሁለት ዓይነት አወጡ፤ አንዱ እንደ ቀድሞው መያዣው ላይ የሚጠመዘዝ፣ ሌላው በአውራ ጣት የሚገፋ። የሚጠመዘዘው የራሱ ጥቅም እንዳለው ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ እጅ ከመሪው አይላቀቅም፣ የማርሹ ቁጥርም ፊት ለፊት ይታያል። ሆኖም ማርሹ ወደ ቀላል ሲለወጥ ካቦው የሚሳበው ከኋላ ያለውን ሞላ አሸንፎ ስለሆነ፣ መጠምዘዣው ከሁሉ የሚከብደው ልጅቱ ዳገት ላይ በደከመችበት ሰዓት ነው። ደግሞም በመያዣውና በፍሬኑ መካከል ስለሚገባ የፍሬኑን እጀታ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ መሪውን አጥብቃ ስትይዝም ሳታስበው ሊዞር ይችላል። ይህን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ ግን ለእኔ አልወሰኑልኝም። ልጄን እጇን በውሃ እንድታረጥብ አድርገው ሁለቱንም በተራ አስሞከሯት፤ «ደሴ ዝናብና ጭጋግ አይለያትም፤ በደረቅ እጅ መሞከር ምን ይጠቅማል?» አሉኝ። በእርጥብ እጇ የሚጠመዘዘውን እስከ ሦስተኛው አድርሳ ከዚያ በላይ አንሸራተታት። በአውራ ጣት የሚገፋውን ግን እስከ መጨረሻው ወሰደችው፤ በመጀመሪያ ጣቷ አልደርስ ስላላት ባለሙያው ማሰሪያ ብሎኑን አላልተው ወደ መያዣው አስጠጉላት፤ የፍሬኑንም እጀታ በትንሿ ማስተካከያ ብሎን ወደ ጣቶቿ አቀረቡት። አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ አውራ ጣታቸው ገና ጉልበት ያላገኘ ልጆች ጥሩና ለስላሳ በሆነ የሚጠመዘዝ መቀየሪያ ሊመቻቸው እንደሚችል ነገሩኝ፤ ስለዚህ የእኛን ምርጫ እንዳለ የምትወስዱት እንዳይመስላችሁ።

አንድ ነገር ለሚገዙ ወላጆች ላክል። መቀየሪያው ለስንት ማርሽ እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ከማን ሥሪት ጋር እንደሚሠራም መጠየቅ ያስፈልጋል። «ሺማኖ» እና «ስራም» የሚባሉት የብስክሌት ዕቃ አምራቾች በአንድ ቀጭታ የሚስቡት የካቦ ርዝመት በብዙ ሥሪቶቻቸው አይመሳሰልም፤ አንዳንድ የስራም መቀየሪያዎች ለሺማኖ ታስበው የተሠሩ ቢሆኑም ሁሉም ግን እንደዚያ አይደሉም። የካቦው ሽፋንም የማርሽ መሆን አለበት። የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ሞላ የተጠመዘዘ ሽቦ ሲሆን የማርሹ ግን ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ስላሉት ሲሳብ አያጥርም። ባለሙያው የቀድሞውን ሲፈቱት የፍሬን ሽፋን ሆኖ አገኙት፤ እንደዚያ ያለ ሥራ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የነበረው ቅሬታ ለሙያቸው ያላቸውን ክብር ነገረኝ።

የከፈልሁት ለ21 ማርሽ ይዤ ከሄድሁት ገንዘብ ከግማሽ በታች ነው። ስንለያይ አዲስ ካቦ ሽፋኑ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ትንሽ እንደሚላላ አስጠንቅቀው ከወር በኋላ እንድመልሳት ነገሩኝ። ባለፈው እሑድ ወሰድናት፤ ካቦው ከመቀየሪያው በሚወጣበት ቦታ ያለችውን ማስተካከያ ግማሽ ዙር አዞሩ፣ ልጄን ዙሪያውን አንድ ጊዜ አስነዷት፣ ድምፁን አዳምጠው «በቃ፣ ሂዱ» አሉን። ገንዘብ ባቀርብላቸው አልቀበልም ብለው ልጄን መረቁልኝ።

ለልጁ ብስክሌት ማስተካከል የሚፈልግ ወላጅ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ብስክሌት የሚጠግኑትን አባት ቢጠይቅ የሚያሳየው አያጣም። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሶላት ስለሚዘጉ ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ልጁንም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ እጁን ሳያዩ አይመርጡለትምና።