አሮጌ ስፒድማስተር፦ ባለ 321 ወይስ ባለ 861?

ሁለቱ የስፒድማስተር የእጅ ሰዓቶች ከውጭ ሲታዩ ለመለየት ያስቸግራሉ። ሁለቱም የሰዓት አምራቹ የኦሜጋ ሥራ፣ ጥቁር ፊትና ሦስት ትንንሽ ቆጣሪዎች ያሏቸው፣ በእጅ የሚሞሉ ክሮኖግራፎች፣ ማለትም ቁልፍ ሲጫኑ ጊዜ የሚቆጥሩ ሰዓቶች፣ ናቸው። የኋላ ክዳናቸው ሲከፈት ግን የአንዱ ካሊበር (የውስጥ ማሽን) 321፣ የሌላው 861 ሆኖ ይገኛል። ዋጋቸው ደግሞ እጥፍ ያህል ሊራራቅ ይችላል።

321 ስፒድማስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 1968 ገደማ ያገለገለ ማሽን ነው። በ1965 የናሳን ፈተና ያለፈው፣ በ1969ም በጠፈርተኛው በበዝ አልድሪን ክንድ ላይ ታስሮ ጨረቃን የረገጠው እርሱ ነው፤ ሰብሳቢው ገንዘቡን የሚያፈሰው በአብዛኛው ለዚህ ታሪክ ነው። ቆጣሪውን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ትንንሽ ዓምዶች የቆሙበት ጎማ ነው። ለሠሪው አድካሚ ነው፤ ቁልፉን ለሚጫን ጣት ግን ልስልስ ነው። በ861 የዚህን ጎማ ቦታ ካም፣ ማለትም ጠርዙ ሌሎች ክፍሎችን የሚገፋ ቅርጽ ያለው ብረት፣ ወሰደው፤ መኪና የሚጠግኑ ሰዎች ካም ምን እንደሆነ አይጠፋቸውም። አሠራሩ ቀለለ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ18,000 ወደ 21,600 ምት ከፍ አለ። ቁልፉ ጠንከር ቢልም 861ን የበታች የሚያደርገው ነገር የለም። በመለዋወጫ ረገድ እንዲያውም ይበልጣል፤ ተከታዩ 1861 ለአሥርተ ዓመታት ስለተመረተ ሰዓት ሠሪው ዕቃ ፍለጋ ብዙ አይንከራተትም።

ገዢን የሚያከስረው ግን ከማሽኑ ይልቅ ፊቱ ነው። ብዙዎቹ በጥገና ጊዜ ፊታቸውና ጠቋሚዎቻቸው ተለውጠዋል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ላይ ከስድስት ቁጥር በታች፣ «ስዊስ ሜድ» ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ «ቲ» የሚል ፊደል ይፈለጋል፤ በጨለማ እንዲያበራ የሚቀባው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ የትሪቲየም፣ ምልክት ነው። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ዛሬ ጨለማ ውስጥ ደምቆ ማብራት አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ «ያልተነካ» ሰዓት ካሳዩዎት ሻጩን አመስግነው ይሂዱ። በፊቱ ዙሪያ ባለው፣ የፍጥነት መለኪያ ቁጥሮች በተጻፉበት ቀለበት ላይ ያለውንም ነጥብ ይመልከቱ፦ እስከ 1970 ገደማ ከ90 ቁጥር በላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጎኑ ወረደ። ባለ 321 ሰዓት ነጥቡ በጎን ከሆነ ቀለበቱ ተተክቷል፤ የድሮው ቀለበት ደግሞ ለብቻው ውድ ነው። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ጆሮዎች ጠርዛቸው ከደነዘዘ ገላው በተደጋጋሚ ተወልውሏል።

በአንድ በጀት ፊቱ የተለወጠ ባለ 321 እና ያልተነካ ባለ 861 ቢቀርብልኝ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። የግድ 321 የሚል ሰው የሞዴል ቁጥሩ 145.012 የሆነውን ይፈልግ፤ ከባለ 321ዎቹ የመጨረሻው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ከቀዳሚዎቹ ይቀላል። ከባለ 861ዎቹ የመጀመሪያው፣ የ1968ቱ 145.022፣ ፊቱ ላይ የብረት አርማ ስለተለጠፈበት በዋጋ ወደ 321 ይጠጋል። አርማው በቀለም የታተመው ተከታዩ ያው ማሽን አለው፤ ለአርማ ብቻ ያን ያህል ገንዘብ አልጨምርም።